የመቅደላ መንገድ፤ በመሐንዲስ ወታደሮች ትዝታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታሪክ ተማሪዎቼ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። «እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በምን መንገድ ነው?» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «በእግራቸው ነዋ!» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጠጡትን ሽጉጥ፣ የልዑል ዓለማየሁን ስደት፣ የተዘረፉትን ብራናዎች ሁሉም ጠንቅቆ ያውቃል። መንገዱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም በእነሱ ዕድሜ አላውቀውም ነበርና አልፈረድኩባቸውም።

በትያትር፣ በግጥምና በልቦለድ የኖርነው የመቅደላ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ የአንድ ኩሩ ንጉሥ የመጨረሻ ቀን። የዘመቻው ተካፋዮች ወደ አገራቸው ተመልሰው የጻፏቸውን ማስታወሻዎች የሚያነብ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ታሪክ ነው። የናፒየር ረዳት ወታደራዊ ጸሐፊ የነበረው ካፒቴን ሄንሪ ሆዚየር፣ ከጦሩ ጋር የዘመተው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም፣ ጋዜጠኞቹ ሄንቲና ስታንሊ ብዙ ገጽ ያጠፉት ስለ ውጊያ አይደለም። ስለ ውኃ ነው፤ ስለ በቅሎ ነው፤ ስለ ድንጋይ ነው። ሆዚየር ከሜጀር ሆላንድ ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው ባለ ሁለት ቅጽ የዘመቻው ይፋዊ መዝገብም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ የመሐንዲስና የስንቅ አስተዳደር መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእነዚያ ሰዎች ትዝታ ውስጥ መቅደላ የተያዘችው በአንድ ቀን ሳይሆን በስድስት ወር ቁፋሮ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። አዝማቹ ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ራሱ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1810 በኮሎምቦ ተወልዶ፣ ገና በወጣትነቱ በቤንጋል መሐንዲሶች ክፍል ተቀጥሮ፣ ከግማሽ የሚበልጥ ዕድሜውን በሕንድ ቦይ ሲያስቆፍር፣ ጎዳና ሲያስደለድልና የጦር ሰፈር ሲያቅድ ያሳለፈ ሰው ነው። የለንደን መንግሥት በ1859 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዘመቻውን ለቦምቤይ ሠራዊት ሲያስረክብ ናፒየር መጀመሪያ የቆጠረው ጠመንጃ አልነበረም፤ የቆጠረው አህያ፣ በቅሎ፣ ግመል፣ የውኃ በርሜልና የሐዲድ ብረት ነው። 13,000 ያህል ወታደር (አብዛኛው ሕንዳዊ)፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን ተከታይና አገልጋይ፣ ከ40,000 የማያንስ የጭነት ከብት፣ በዚያም ላይ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ባሕር ተሻገሩ። ይህ ሁሉ ጥቂት አሥር የሚሆኑ እስረኞችን ለማስፈታት ነው። የመጀመሪያው ግምት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠግቶ ተገኘ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም ምርመራ እስከ መክፈት ደረሰ።

ጥቅምት 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1867) ላይ ቀዳሚው ቡድን ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባለው በዙላ የባሕር ሰላጤ ሲወርድ ያገኘው ጠፍ አሸዋ ነበር። ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ስለሆነ ጀልባ እንኳን ወደ መሬት አይጠጋም። የሚጠጣ ውኃ የለም። መሐንዲሶቹ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ የመርከብ ማራገፊያ ድልድይ መገንባት ጀመሩ፤ ውኃውን ደግሞ በእንፋሎት ሞተር ከባሕሩ እያጣሩ ለሰውና ለከብት በልክ አደሉ። ይህ ከመደራጀቱ በፊት ግን ከግብጽ፣ ከሶርያ፣ ከስፔን ሳይቀር የተገዙ በቅሎዎች ያለ ነጂና ያለ ልጓም ዳርቻው ላይ ተራግፈው ነበር። ሄንቲ የጻፈውን ያነበበ ሰው ያንን ትዕይንት አይረሳውም፤ በጥም ያበዱ በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳት በአሸዋው ላይ ሲዳክሩ፣ ወድቀው ሲበሰብሱ፣ ሰፈሩን ሽታው ሲያስለቅቅ። የዓለም ኃያል መንግሥት አጀማመር ይህን ይመስል ነበር።

የባቡሩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከዙላ እስከ ተራራው ግርጌ፣ እስከ ኩማይሌ ድረስ ያለውን ወደ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳ በሐዲድ ለመሻገር ታቀደ። ከሕንድ የመጣው ሐዲድ ግን ከየቦታው የተለቃቀመ፣ አንዱ ከሌላው የማይገጥም አሮጌ ብረት ሆነ። ማሰሪያ ምስማሩ ጎደለ፤ የመጡት ሞተሮችም ያረጁ ነበሩ። ከሠራተኞቹ መካከል ሕንዶችም ቻይናውያንም ነበሩበት። በዚያ ሐሩር በቀን የሚነጠፈው ሐዲድ እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ሥራው ተጠናቆ ሳያበቃ መቅደላ ወደቀች። እንዲያም ሆኖ፣ በነገራችን ላይ፣ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ መስመርና የጣልያኖቹ የምጽዋ መስመር ከመታሰባቸው በፊት በዚህ የአፍሪካ ቀንድ የተነጠፈው የመጀመሪያው ሐዲድ ይህ ነው። ስለ ባቡር ታሪካችን ስናወራ ግን አናነሣውም። የማናነሣው የእኛ ስላልሆነ ይመስለኛል፤ ልክ ነው፣ የእኛ አልነበረም።

ከኩማይሌ ቀጥሎ ያለው የሱሩ ገደል ነው። የደረቀ የወንዝ ጎርፍ ማለፊያ፤ በግራና በቀኝ ሽቅብ የተቀጠቀጠ ቋጥኝ፤ በአንዳንድ ስፍራ ጥቂት ክንድ ብቻ የሚሰፋ፤ በመካከሉ ቤት የሚያህል ድንጋይ የተጋደመበት። ወታደሮቹ አንዱን ክፍል «የሰይጣን ደረጃ» ብለው ጠሩት። የቦምቤይና የማድራስ «ሳፐሮች»፣ ማለትም ጠመንጃቸውን በጀርባቸው አንግተው ዶማና ባሩድ በእጃቸው የያዙ ሕንዳውያን የመሐንዲስ ወታደሮች፣ ያንን ገደል እያፈነዱና እየደለደሉ መጀመሪያ ለበቅሎ፣ ኋላም ለጋሪ የሚመች ጎዳና አደረጉት። ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሰንዓፈ የሚያወጣው በር ይህ ነበር። ከጎኑ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ውኃ በሌለበት ጠባብ የብረት ቱቦ በመዶሻ ወደ ምድር እየተመታ ውኃ በፓምፕ ይሳብ ነበር። ያ የቱቦ ጉድጓድ በእንግሊዝ አገር ከዚያ ወዲህ «አቢሲኒያን ዌል» እየተባለ ቀረ። እንግሊዛዊ ገበሬ በጓሮው ጉድጓድ ሲያስመታ የአገራችንን ስም ይጠራል፤ ከየት እንደመጣ ግን ላያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት አለኝ። መጽሐፎቹ የመኮንኖቹን ስም ከነማዕረጋቸው ይዘረዝራሉ፤ የአለቱ ፈላጮች ግን «ሳፐሮች» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። ከማድራስና ከፑንጃብ መጥቶ በሱሩ ገደል ዶማ የቀጠቀጠ ወታደር ስለ እኛ አገር ምን እንዳሰበ፣ ማታ ለጓደኛው ምን ብሎ እንዳወራ ከእነዚያ ወፋፍራም ቅጾች ማወቅ አይቻልም። የትዝታ ባለቤት ለመሆንም ማዕረግ ያስፈልግ ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ የተከፈተው በዶማ ብቻ ነው ብሎ ማመን የመሐንዲሶቹን ትምክህት መቀበል ይሆናል። ከሰንዓፈ በኋላ ያለውን መንገድ የከፈተው ፖለቲካ ነው። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ የካቲት 1860 ዓ.ም. ላይ ከናፒየር ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው እህልና ሰላማዊ መተላለፊያ ለመስጠት ተስማሙ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አልተቃወሙም፤ በወሎም ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት ከቴዎድሮስ ጋር ደም የተቃቡ ነበሩ። ገበሬው ገብሱንና ሣሩን በማርያ ቴሬዛ ብር ሸጠ፤ በጉልበቱም ጭነት ተሸከመ። ጠላት አገር ሲያልፍ ዘርፎ እንጂ ከፍሎ ማለፉን ያልለመደ ሕዝብ ነበርና ብሩን አልጠላውም።

ይህንን ስንናገር «ባንዳነት» የሚለው ቃል ወዲያው ይመጣል። እኔ በበኩሌ ቃሉ ለዚህ ጉዳይ ይጠብበዋል እላለሁ። ካሣ ምርጫ ለውለታቸው መድፎችና በመቶ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ተሰጧቸው፤ በዚያ መሣሪያ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉትን የቀድሞውን ዋግሹም ጎበዜን ድል ነሥተው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። እኒሁ ንጉሥ በመተማ አገራቸውን ሲከላከሉ ወደቁ። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለቱም አሉ። ለጎንደር ቃጠሎ፣ ለቤጌምድር ዝርፊያ ምስክር የነበረው ገበሬ ደግሞ ለማን ታማኝ መሆን እንደነበረበት ዛሬ በወንበራችን ላይ ተቀምጠን ልንፈርድለት አንችልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ናፒየር ከሰሜን መንገድ ሲያስቆፍር፣ በዚያው ወራት ከምዕራብ በኩል ሌላ መሐንዲስ መንገድ እያስቆፈረ ወደዚያችው አምባ ይጓዝ ነበር። እሱም ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው ሲወጡ ይዘው የተነሡት በጋፋት በአውሮፓውያን ሠራተኞቻቸው እጅ የተቀለጡትን መድፎች ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን ለመጓዝ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ ምክንያቱም ለመድፉ የሚሆን መንገድ አልነበረምና ከፊቱ እየቀደሙ መሥራት ነበረባቸው።

የዚህን ጉዞ ትዝታ የተዉልን ከጋፋት ሠራተኞች አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና በመቅደላ ታስሮ የነበረው የጦር ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ናቸው። ዋልድማየር የሃይማኖት አስተማሪ ሊሆን መጥቶ፣ በንጉሥ ትእዛዝ መድፍ አቅላጭ፣ ኋላም መንገድ ሠሪ የሆነ ሰው ነው። በባዕድ አገር ጦር ውስጥ በመሐንዲስነት ያገለገለ ሰው ትዝታ ከተፈለገ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሁለቱም በየፊናቸው የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ንጉሡ ሌሊት ተነሥተው፣ ልብሳቸውን አሸርጠው፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሣሉ። ንጉሥ ድንጋይ ተሸክሞ መኳንንቱ ቆመው ሊያዩ አይችሉምና ሁሉም ይጎነበሳል። ጨጨሆን በዚህ መንገድ ወጡ። ደጋውን አልፈው ወደ ጅጣ ቁልቁለት ሲደርሱ፣ ወደ አንድ ሺህ ሜትር በሚጠጋው ገደል ላይ ጠመዝማዛ ጎዳና ቆርጠው ሴባስቶፖልን በጠፍርና በሰው ጉልበት እየጎተቱና እየያዙ አወረዱት፤ ከዚያም በወዲያኛው ወገን ወደ ደላንታ አወጡት። በሽሎ ላይ ያንኑ ደገሙት።

ሱሩን የፈለጡት ሳፐሮች የእንፋሎት ሞተር፣ የሠለጠነ መኮንን፣ በመርከብ የሚመጣ ባሩድና ደሞዝ ነበራቸው። የጅጣን ገደል የቆረጡት ወታደሮች ዶማና እጅ ብቻ ነበራቸው። ስንቃቸው ከጎረቤት ገበሬ የተቀማ ነበር፤ ስለሆነም ሌሊት ሌሊት ከሰፈሩ እየከዱ ጠፉ። አንድ ጊዜ አገሩን ያንቀጠቀጠው ሠራዊት መቅደላ ሲደርስ ወደ ጥቂት ሺህ ወርዶ ነበር። እንግዲህ መንገዱ ራሱ ሠራዊቱን በላው ማለት ይቻላል።

ከዚያም የሆነው ሁልጊዜ ሳነበው የሚከብደኝ ነው። በመጋቢት ማብቂያ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ወደ አምባው ሥር ካደረሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ የናፒየር ጦር በዋድላ ደጋ ላይ ከቴዎድሮስ ጎዳና ጋር ተገናኘ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች እስከዚያ ድረስ በየገደሉ እየቆፈሩ መጥተው፣ በጅጣ አፋፍ ላይ ሲቆሙ የተዘጋጀ መንገድ ጠበቃቸው። ማርካም በሥራው መደነቁን አልሸሸገም። የተማረ መሐንዲስ፣ መለኪያ መሣሪያና ማሽን በሌለበት የተሠራ ጎዳና ዝሆኖችንና የአርምስትሮንግ መድፎችን የሚችል ሆኖ ተገኘ። ጦሩ በዚያው ወረደ፤ በዚያው ወጣ። ሴባስቶፖል እንዲያልፍበት የተቆረጠው መንገድ ጠላትን እስከ መቅደላ ደጃፍ አደረሰው። ንጉሡ አፈር ምሰው፣ ድንጋይ ተሸክመው ያሰናዱት ለገዛ መጨረሻቸው ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ የተደረገው ውጊያ በአጭሩ ይነገራል። ኮሎኔል ፌር የተባለው መኮንን መተላለፊያው ተጠብቋል ብሎ በስሕተት ስለነገረ፣ የእንግሊዝ ጓዝና መድፍ ያለ በቂ አጃቢ ሸለቆውን ይወጣ ነበር። ይህንን ከአምባው ላይ ያዩት የቴዎድሮስ ሰዎች በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ቁልቁል ወረዱ። ከጓዙ አጠገብ የገጠሟቸው የ23ኛው ፑንጃብ ፓዮኒየሮች ናቸው፤ እነዚያ ወራቱን ሁሉ መንገድ ሲጠርጉ የከረሙት ሲኮች። ሌላው ጦር አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ይዞ በሩቁ ሲተኩስ፣ ፓዮኒየሮቹ ግን በአሮጌ መሣሪያቸውና በሳንጃ ተፋለሙ። ገብርዬ ወደቀ። በእንግሊዞቹ ቆጠራ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ከእነሱ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

በዚያው ሌሊትና በማግሥቱ የተላላኩት ደብዳቤዎች ይታወቃሉ። ቴዎድሮስ ለናፒየር በጻፉት ውስጥ ያለው አንድ ሐሳብ ግን ከመንገዱ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ሕዝባቸው ግብር ክፈል፣ ሥርዓት ያዝ ቢሉት እምቢ እንዳላቸውና እንደተጣላቸው፣ ናፒየር ግን ሥርዓት በያዙ ሰዎች ኃይል እንዳሸነፋቸው ይናገራሉ። የንጉሡ ምርመራ ግማሹ እውነት ነው። የጎደለው ሌላው ግማሽ፣ ግብሩ በምን ዓይነት እጅ ይሰበሰብ እንደነበረ ነው፤ ይህንን ደብዳቤው አይጠይቅም። ሥርዓት በአለንጋና በእሳት ብቻ ሲመጣ ገበሬው ሥርዓቱን ከአለንጋው ለይቶ እንዲወድደው መጠበቅ የገዢዎቻችን የዘመናት ሕመም ነው። ከቴዎድሮስ ወዲህ የመጡትም በመንገድ ሥራቸው ሲመጻደቁ በየዘመኑ ሰምተናል፤ መንገዱ በማን ጉልበት እንደተሠራና ማን እንደሚሄድበት ሲጠየቁ ግን ደስ አይላቸውም።

ከትንሣኤ ማግሥት ሚያዝያ 6 ቀን ሰኞ፣ አምባው ሲወረር የመሐንዲሶቹ ክብር አንድ አስቂኝ ፈተና ገጠመው። በሜጀር ፕሪቻርድ የሚመራው የመሐንዲስ ቡድን በሩን በባሩድ እንዲያፈርስ ታዝዞ በዝናብ ውስጥ ሽቅብ ወጣ። በሩ ሥር ሲደርሱ ባሩዱም መሰላሉም አልመጣም፤ ረስተውታል! ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ በቅሎና ሐዲድ፣ ከበሩ ፊት ባዶ እጁን ቆመ። በመጨረሻ የ33ኛው ሬጅመንት ጄምስ በርጊን የሚባል ቁመተ ረጅም ወታደር ማይክል ማግነር የሚባለውን ከበሮ መቺ ደግፎ ወደ ላይ ሰቀለው፤ እሱም እሾኹን አልፎ ገባና ሌሎችን ጎተተ። ሁለቱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ንጉሡ ግን በዚያ ሰዓት ሽጉጣቸውን ጠጥተው ነበር።

የመሐንዲሶቹ ክፍል የተወልን ሌላም ትዝታ አለ፤ ፎቶግራፍ። በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ የ10ኛው የሮያል ኢንጂነርስ ጓድ ቡድን ከባድ የመስታወት ሳህኑንና ኬሚካሉን በበቅሎ ጭኖ እስከ መቅደላ ተጓዘ። ዋና ሥራው ካርታ ማባዛት ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የሰፈሮቹን፣ የገደሎቹን፣ ከእስር የተፈቱትን ሰዎች ምስል አነሣ። ቴዎድሮስን በሕይወት እያሉ ያነሣቸው ካሜራ የለም። የእሳቸውን ገጽ በእርሳስ የሣለው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ነው፤ ያውም ከሞቱ በኋላ። ይኸው ሰው በደላንታ ሜዳ ላይ ዝርፊያው በጨረታ ሲሸጥ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ሆነ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደላንታ ሜዳ ሲወሰዱ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመዋቸው ነበር። ሰባት ዓመት የሆነው ዓለማየሁም አብሮ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ።

በእኛ ወገን ማን ጻፈ? አለቃ ወልደ ማርያም የንጉሡን ታሪክ ትተውልናል፤ ባለውለታችን ናቸው። የጅጣን ድንጋይ ስለፈነቀለው ወታደር ግን ከውጭ አገር ሰዎች ማስታወሻ ውስጥ ፍርፋሪ ከመልቀም በቀር ሌላ የለንም። ለተማሪዎቼ ያቀረብኩት ጥያቄ መልስ ያጣው በእነሱ ስንፍና ሳይሆን በዚህ ጉድለት ነው። ባለፉት ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ወደ ዋድላና ደላንታ ወርደው ሽማግሌዎችን እንዲጠይቁ ስመክር ኖሬአለሁ። ሁለት ሦስቱ ሞክረዋል። አብዛኞቹ ግን «መምህር፣ ስለ መንገድ ምን ይጻፋል?» ይሉኛል።

እንግሊዞቹ ከመውጣታቸው በፊት ዝናብ ጀመረ። ጎርፉ በሱሩ ገደል እየወረደ ሳፐሮቹ የደለደሉትን ጎዳና ይቆራርጠው ያዘ። ካፒቴን ጉድፌሎ የተባለ የሮያል ኢንጂነርስ መኮንን በዙላ አጠገብ ያለውን የጥንቱን የአዱሊስን ፍርስራሽ አስቆፍሮ የቤተ ክርስቲያን ዕብነ በረድ አወጣ፤ እሱም ወደ ለንደን ተጫነ። ናፒየር በሰኔ መጀመሪያ ላይ መርከብ ተሳፈረ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ ሞተሮቹ፣ የቴሌግራፉ ሽቦ፣ የተረፉት በቅሎዎችና ዝሆኖች ሁሉ ወደ ሕንድ ተመለሱ። ሴባስቶፖል ግን የሚያወርደው ሰው አልተገኘም። በመቅደላ ላይ እንደተጋደመ አለ።